ወረቀቱን የበሉት ቀማሚ

እሺ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ያላ፣ ወንበር ያገኘ ወንበር ላይ፣ ያላገኘ ካርቶን ላይ ይቀመጥ። ካርቶን እንደሆነ በዚህ ቤት ተርፎ ይጣላል። ሞላ፣ አንተ ስልክህን ዝጋ፤ ዛሬ ጁምዓ ነው፣ በመላው መንሱራ ሰፈር ሽቶ ካልደረሰልኝ ብሎ የሚሞት ሰው የለም።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። አንደኛ፣ ሸሪፋ በየብርጭቋችሁ የቀዳችላችሁን የሮማን ጭማቂ እኔ "አንሱ" እስክል ድረስ ማንም እንዳይቀምሰው። ጠርሙሱ ያውላችሁ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ በትልቁ "ሮማን" ይላል፣ ሥዕሉም አለበት፣ የትም አይሄድም። ታገሡ።

ሁለተኛው ሀይሰም ነው። ሀይሰምን የማታውቁት እንግዶች ካላችሁ፣ እዚሁ ሪያድ ተወልዶ ያደገ የእኛው ልጅ ነው፣ የዕቃ ግዢያችንም በእሱ እጅ ነው። ዛሬ ከቤቱ ባለቤት ከአቡ ናዋል ጎን የተቀመጠው እኔ የምለውን በጆሯቸው ወደ ዓረብኛ እንዲመልስላቸው ነው። ሀይሰም ወንድሜ፣ "ይህን አትተርጉም" ስልህ ዝም ትላለህ። "ተርጉም" ስልህ ደግሞ አንዲት ቃል አታስቀርም። ተስማማን? ኸላስ።

ጋሼ ምን ያስቅዎታል? ገና ቀልዱን አልጀመርኩም እኮ።

ጸደንያ እባላለሁ። በዚህ መቀመሚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ከጋሽ ኑርሁሴን አጠገብ ቆሜ ሽቶ ቀምሜያለሁ። ዛሬ የምንሸኘው እሳቸውን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው እሑድ ወደ ሸዋ ሮቢት ይገባሉ። ሞላ ጠዋት "እዚህ አገር ለእኛ ቢጤ ደግሞ ምን ጡረታ አለ?" ሲለኝ ነበር። እውነቱን ነው። አንዱ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አልቆበት ይሄዳል፣ አንዱ በተርሂል ተጠርዞ ይሄዳል፣ አንዱን ከፊሉ፣ ያስመጣው አሠሪው፣ አንድ ቀን ተነስቶ በቃኸኝ ይለዋል። በራሱ ጊዜ፣ ሻንጣውን በራሱ እጅ ቆልፎ፣ አሠሪው ኬክ አስቆርጦለት የሚሄድ ሰው ግን እኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ይሄ ጡረታ ነው፤ ስሙን እኛ አውጥተንለታል።

አሁን ወደ መጡበት ቀን። ሀይሰም፣ ይህን ተርጉም፤ ወሬው የራሳቸው የአቡ ናዋል ነው። በየረመዳኑ ከፊጥር በኋላ ስለሚያወሩት እኔ እንኳ ያልነበርኩበትን በቃሌ ይዤዋለሁ።

የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ቤቱ የአቡ ናዋል አባት ነበር። ሽማግሌው ካርቶን የሚሸከም ሰው ይፈልጉ ነበር። በዚህ ቤት ደግሞ አንድ ልማድ አለ፤ ቀማሚም ይሁን ዘበኛ፣ ለሥራ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ወረቀት ይሰጠዋል። ይቺን ወረቀት፣ እነሆ፣ ጣት የምታህል ነጭ ወረቀት። አንዱ ጫፍ ሽቶው ውስጥ ይነከራል፣ በሌላው ጫፍ የሽቶው ስም ይጻፋል። ከዚያ "ምንድነው?" ተብሎ ይጠየቃል። ለጋሽ ኑርሁሴን የተሰጣቸው ትምባሆ የተነከረ ነበር። ወረቀቷን ተቀበሉ፣ አንዴ ወደ አፍንጫቸው ጠጋ አደረጓት፣ ከዚያ እንዳለች አፋቸው ውስጥ ከተቷት። አኘኳት። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነሱ። አቡ ናዋል ያኔ ወጣት ናቸው፣ ውኃ ሊያመጡ ሮጡ። ጋሼ ግን ረጋ ብለው ወረቀቷን መዳፋቸው ላይ ተፉና "ትምባሆ" አሉ።

በኋላ እንደተረዳነው እብደት አልነበረም። ሸዋ ሮቢት በልጅነታቸው የትምባሆ ቅጠል ማድረቂያ ቤት ውስጥ ሠርተዋል። እዚያ ቅጠል የሚመረጠው እንዲህ ነው፤ ዳሩን ቆርጠህ ታኝካለህ፣ ትተፋለህ፣ ከዚያ ትናገራለህ። እሳቸው የሚያውቁትን ሠሩ። አቡ ናዋል ግን እስከ ዛሬ "መልሱን ጽፈን ብንሰጠው መልሱን በላው" እያሉ ያስቁናል። እኛም እንስቃለን። ይህችን ወረቀት በልባችሁ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ለእንግዶች አንድ ነገር ላስረዳ። ትምባሆ ስል ሲጋራ የሚሸታችሁ አላችሁ። ሽቶ ውስጥ የሚገባው ያልተቃጠለው ቅጠል ነው። ተጨምቆ እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ እንደ ማር የሚዝለገለግ ሆኖ በትንንሽ ጣሳ ይመጣል። ስትከፍቱት ዘቢብ አለው፣ ማር አለው፣ ፀሐይ የመታው ሣር አለው፣ ከሥር ደግሞ የዳቦ ቅርፊት የመሰለ ነገር። ከሰንደልና ከጣኢፍ ጽጌረዳ ጋር ስታጋቡት ስንት ትልልቅ ሰዎች በራችን ላይ መኪና ያቆሙለታል። እኔ አዲስ በነበርኩ ጊዜ "ጢሱስ የታለ?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። "ጢሱ ቅጠሉ ከሞተ በኋላ ነው የሚመጣው፤ እኛ ከነሕይወቱ ነው የምንፈልገው" አሉኝ።

ራሳቸው በሕይወታቸው አንድ ሲጋራ አላጨሱም። ሞላ ስንት እንዳጨሰ ግን ከራሱ ይበልጥ ያውቃሉ። ሀይሰም፣ ይህን አትተርጉም። ሹፌራችን ሞላ አንድ ቀን ማድረሻ መኪናው ውስጥ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ፣ ጭንቅላቱን ወደ ውጭ አውጥቶ አጭሶ፣ አፉን ተጉመጥሙጦ፣ የናዕናዕ ቅጠል አኝኮ ገባ። ጋሼ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት "ሞላ፣ አራት ሲጋራ፣ አንድ ናዕናዕ" አሉ። ሞላ "ሦስት ነው" ብሎ ተከራከረ። ቆይቶ ግን ጥግ ጠርቶኝ "አራተኛዋን ከቤት ስወጣ ነው ያጨስኳት፣ እንዴት አወቁ?" ብሎኛል።

ክርናቸውንስ የማያውቅ አለ? ቀማሚ አፍንጫው ሲደክምበት የገዛ ልብሱን ያሸታል፤ ከራስ ጠረን በላይ አፍንጫን የሚያሳርፍ ነገር የለም። ጋሼ በየአምስት ደቂቃው ፊታቸውን ክርናቸው ውስጥ ይቀብራሉ። ሚሚ ማሸጊያ ክፍል በገባች በሁለተኛው ቀን ይህን አየች፤ ሰውየው ያለቅሳሉ ብላ ደነገጠች። ማንንም ሳትጠይቅ ጥቁር ሻሽ አሥራ መጣችና አጠገባቸው ቁጭ ብላ "አላህ ይዘንላቸው ጋሼ" አለቻቸው። ጋሼ ደግሞ ሻሿን አይተው እሷ ናት ሐዘንተኛዋ ብለው "አሚን ልጄ፣ አላህ ያጽናሽ" አሉ። ሁለቱ እርስ በርስ ሲጽናኑ ሩብ ሰዓት ቆዩ። ሸሪፋ ገብታ "ማን ነው የሞተው?" ስትል ሁለቱም ወደ እሷ ዞረው "እኔ ምን አውቄ" አሉ።

ሀይሰምም ከእጃቸው አላመለጠም። ሚስቱ ሹመይሲ ሆስፒታል የተገላገለች ዕለት፣ ማታ ኬክ ይዞ መጥቶ በድንገት ሊያበሥረን አስቦ ጠዋት ምንም እንዳልሆነ ሰው ሥራ ገባ። ጋሼ በአጠገቡ አለፉና ቆሙ። "የሆስፒታል ሳሙና፣ አብሽ፣ አዲስ ጥጥ" አሉ። ከዚያ ትከሻውን ይዘው "እንኳን ማርያም ማረቻት ይላሉ እነ ጸደንያ፤ እኔ ማሻአላህ ልበልህ" አሉት። ኬኩን በቁርስ ሰዓት በላነው።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ የምታውቁት ነው። የማታውቁት የበሩን ነገር ነው።

ጋሽ ኑርሁሴን ሽቶ ሁሉ በሩን ከፍተው ይቀምማሉ፤ ያየ ይይ ነው። የትምባሆው ሽቶ ጋ ሲደርሱ ብቻ የኋላውን ክፍል በር ከውስጥ ይቆልፋሉ። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ትምባሆው ብዙ ነገር ያስገባልና፣ ከሰማንያ ጠርሙስ መሐል ሃያ ሦስቱን ይፈልጋል። በሩ ሲዘጋ እኛ ወሬ እንጀምራለን። ሸሪፋ ከሸዋ ሮቢት በትንሽ ከረጢት የሚመጣላቸው ምሥጢራዊ ነገር አለ ትላለች። ሞላ ዱዓ ነው ይላል። ሀይሰም እንቅልፍ ነው ይላል፤ ሀይሰም፣ ይህንንም አትተርጉም። እኔ አንድ ቀን ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ነበር፤ የሰማሁት የጠርሙስ ክዳን ድምፅ ብቻ ነው። ጧ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ጧ። ሲከፈት ሲዘጋ፣ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ከሃያ ሦስት እጅግ የበዛ።

አሁን ለምን ይህን እንዳነሳሁ ልንገራችሁ። የዛሬ ሁለት ሳምንት አቡ ናዋል ጠርተውኝ ነበር። "ኑር ሲሄድ ትምባሆው ያው ይሆናል? ካልሆነ ከመደርደሪያው አወርደዋለሁ፤ በአባቴ ስም መጥፎ ትምባሆ አልሸጥም" አሉኝ። ትምባሆው ከወረደ የኋላው ክፍል ይዘጋል። የኋላው ክፍል ከተዘጋ እኔና ሚሚ ሌላ ከፊል መፈለጋችን ነው። ስለዚህ በሩ ውስጥ ያለው ነገር ዛሬ የሁላችንም ጉዳይ ነው። ጋሼም ትናንት "ንገሪያቸው፤ እኔ ስናገር አፌ ይተሳሰራል" ብለው ፈቅደውልኛል። አሁንም ይፈቅዳሉ ጋሼ? እሺ።

የዛሬ አራት ዓመት ለሰርግ የታዘዘልንን ሽቶ ታስታውሳላችሁ። ስድስት ወር የተኛ ዘይት ነበር፤ የቀረው የመጨረሻው ነገር ትምባሆው ነው። ሰርጉ አሥር ቀን ቀርቶታል። ከአዲስ አቅራቢ ሁለት ጣሳ መጣልን፤ አንዱ ትምባሆ የሚል የተለጠፈበት፣ ሌላው ድርቆሽ የሚል፣ ማለት ከደረቀ ሣር የሚጨመቅ ዘይት። መልካቸው አንድ ነው፣ ሽታቸውም ወንድማማች ነው። እኔ ጽሑፉን አንብቤ የትምባሆውን ጣሳ አመጣሁ። ጋሼ ከፈቱት፣ አሸተቱትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "ይሄ ድርቆሽ ነው" አሉ።

ሀይሰም የአቅራቢውን ወረቀት አወጣ፤ ወረቀቱም ትምባሆ ይላል። አቡ ናዋል ተጠሩ፤ አሸተቱና "ትምባሆ ነው፣ አፍስሱ" አሉ። ሀይሰም፣ ይህን ቀስ አድርገህ ተርጉም፤ ያን ቀን አፍንጫቸው ደክሞ ነበር በላቸው። እኔ ጣሳውን አነሳሁ። ጋሼ ደግሞ የስድስት ወር ዘይት የተኛበትን ማሰሮ አፍ በሁለት መዳፋቸው ሸፈኑ። እኒህ ድምፃቸው ከመንሾካሾክ የማያልፍ ሰው፣ እዚያው ቆመው በዚያ በሚያውቁት ዓረብኛ "ሌላውን ጣሳ ክፈቱ። ትምባሆው እዚያ ውስጥ ካልሆነ ነገ ኸሩጄን ምቱልኝ" አሉ። ኸሩጅ ከአገር መውጫ ማኅተም፣ ላይመለሱ መሄድ እንደሆነ እዚህ ውስጥ የማያውቅ የለም። ያኔ እዚህ ቤት ከገቡ ሃያ ሰባት ዓመታቸው ነበር፤ ሃያ ሰባት ዓመታቸውን በአንድ ጣሳ አስያዙ።

ተከፈተ። አቡ ናዋል አሸተቱ፣ ደግመው አሸተቱ፣ ከዚያ ጣሳውን ለጋሼ ሰጥተው ግንባራቸውን ሳሟቸው። አቅራቢው ጽሑፉን አቀያይሮ ለጥፎት ኖሯል። ሁላችንም ጽሑፉን አምነን ዘይቱን ልናበላሸው ነበር።

እዚህ ድረስ ያለውን ታውቃላችሁ። እኔ ግን ነገሩ አልተዋጠልኝም። በዕረፍት ሰዓት አጠገባቸው ተቀምጬ ጠየቅኳቸው። "ጋሼ፣ እኛ ሁላችን ጽሑፉን ካነበብን አናሸትም። እርስዎ ለምንድነው ተጽፎበት እያለ ሁልጊዜ ከፍተው የሚያሸቱት?" ሻያቸውን አዞሩት፣ አዞሩት። "እኔና ጽሑፍ አንተዋወቅም ልጄ" አሉኝ።

ሀይሰም፣ ይህን ተርጉም። አንዲት ቃል እንዳታስቀር።

ጋሽ ኑርሁሴን ማንበብ አይችሉም ነበር። ቁጥር ያውቃሉ፣ ሚዛን ከማንም በላይ ያነባሉ፣ ፊደል ግን በዓረብኛም በአማርኛም አልቆጠሩም። በሩን የሚቆልፉት ለዚህ ነበር። ከረጢት የለም፣ ምሥጢርም የለም። ሌላው ሽቶ የሚፈልጋቸውን ጥቂት ጠርሙሶች በመልካቸው ይለያሉ፤ የትምባሆውን ሃያ ሦስት ለማግኘት ግን ሰማንያውን አንድ በአንድ እየከፈቱ ያሸቱ ነበር። በየጊዜው፣ እንደ አዲስ። "አንድ ቀን ሰው ካወቀብኝ ወደ ካርቶኑ እመለሳለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት" አሉኝ። አንድ ሰው በዚህ ቤት በአፍንጫው ዳቦ እያበላን፣ እሱ ራሱ ግን በሩን ቆልፎ ይፈራ ነበር። እኔ ያን ቀን አፍሬያለሁ። ጆሮዬን በዚያ በር ላይ ለጥፌ ስስቅ ነበርና።

ከዚያ ቃል ተገባባን፤ እኔ ፊደል ላስተምር፣ እሳቸው አፍንጫ ሊያስተምሩኝ። እኔ ራውዳ ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ የቤቱን ልጆች የቤት ሥራ እያየሁ ነው የዓረብኛውን ፊደል የለቀምኩት፤ ለእሳቸው ግን ከአማርኛው ጀመርን። ደብተር አልፈለጉም። ስለዚህ በእነዚህ ወረቀቶች አስተማርኳቸው። በአንዱ ጫፍ ት ብዬ እጽፋለሁ፣ ሌላውን ጫፍ ትምባሆ ውስጥ እነክራለሁ። ሰ ሰንደል ውስጥ፣ ጽ ጽጌረዳ ውስጥ። በሁለት ሳምንት ፊደሉን ሁሉ ጨረሱት። እኔ በደስታ ልሞት። ከዚያ ፈተና ልስጥ ብዬ ሳይ፣ ሰውየው ፊደሉን የሚለዩት ወረቀቱን አሽትተው ነው። አጭበርባሪ። ምንም የማይሸት ደረቅ ወረቀት አምጥቼ ከሀ ጀመርን።

ስምንት ወር ፈጀ። ልጃቸው ሚስኪ ከአገር ቤት መልእክት ስትልክላቸው "ዓይኔ ደክሟል፣ በድምፅ ላኪ" እያሉ ነበር የኖሩት። አንድ ቀን "በጽሑፍ ላኪልኝ" አሏት። የመጀመሪያው መልእክት ሲመጣ ስልኩን ለእኔ አልሰጡኝም። ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያስኬዱ ብቻቸውን አነበቡት። "አባ፣ ልጄ እግር አውጥታ ሄደች፣ መቼ ነው የምታያት?" ይላል። በድምፅ ሃያ ጊዜ ጠይቃቸዋለች። ባነበቡት ጊዜ ግን ሌላ ነገር ሆነ። መልሱን መጻፍ ዓመታት ወሰደባቸው፤ ፊደሉ አልነበረም የከበዳቸው። ባለፈው ወር "ለረመዳን ቤት ነኝ" ብለው ጻፉላት። ይሄ ሁሉ ሽኝት የመጣው ከዚያች መስመር ነው።

ቆይ፣ አቡ ናዋል እጃቸውን አነሱ። ሀይሰም፣ ምን እያሉ ነው? ጮክ በል፣ ሁላችን እንስማ።

ከኋላ ላልሰማችሁ ልድገመው። ያን ቀን ለካርቶኑ ሥራ ስድስት ሰው መጥቶ ነበር ነው የሚሉት። ለስድስቱም ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ተሰጠ። አምስቱ አንብበው ትምባሆ አሉ። ሽማግሌው አባታቸው አምስቱን አሰናብተው "ያላነበበውን አምጡልኝ" አሉ።

ሰሙ ጋሼ? በሩን ቆልፈው ሲፈሩት የኖሩት ነገር ነው ለካ ያስቀጠረዎት። እኔም አሁን ነው የሰማሁት። እስቲ አንድ ጊዜ ልተንፍስ።

ሸሪፋ፣ መሐረብ ለእኔ አይደለም፣ ለእሳቸው ስጪ። ክርናቸውን እያሸተቱ ነው እንዳትሉኝ፤ ይሄኛው ልቅሶ ነው።

እሺ። አቡ ናዋል፣ ለጠየቁኝ መልስ ልስጥ። ትምባሆው ያው ይሆናል ወይ ብለውኛል። እኔ ብቻዬን አሥራ አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ። እሳቸው እየነገሩኝ በካርድ ላይ የጻፍኩትን ልክ ሳላዛንፍ ተከትዬ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ሰነፍ ትምባሆ ሠራሁ። ባለፈው ሰኞ ጋሼ የኋላውን ክፍል በር ከፈቱት። በድንጋይ አስደግፈው፣ እንዳይዘጋ አድርገው። ካርዱን ከእጄ ተቀበሉና ኪሳቸው ውስጥ አስገቡት። "ወረቀቱ በየዓመቱ ያው ነው፤ ቅጠሉ ግን በየዓመቱ ሌላ ነው። የዘንድሮው ዝናብ ጠጥቷል፣ ማሩ ቀጥኗል። እስቲ አፍንጫሽ ምን ይላል?" አሉኝ። ሰማንያውንም ከፈትኩ። ሰንደሉን ቀነስኩ፣ ጽጌረዳውን አዘገየሁ። ስጨርስ ወረቀት ነክረው አሸተቱ። ክርናቸውን አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። "ይሄ የኔ አይደለም" አሉ። ካርዱን ይመልሱልኝ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። "ያንቺ ነው። ግን ትምባሆ ነው" አሉ።

ስለዚህ አቡ ናዋል፣ ያው አይሆንም። ሠላሳ አንድ ዓመትም ያው ሆኖ አያውቅም ነበር፤ በየዓመቱ እንደ አዲስ ተሽትቶ እውነተኛ እየሆነ ነው እዚህ የደረሰው። እኔ ደግሞ ሰማንያውንም እከፍታለሁ። ከመደርደሪያው አያውርዱት። ይህንን በደንብ ተርጉም፣ ሀይሰም።

በጨርቅ የሸፈንኩት ማሰሮ ያ ትምባሆ ነው። ስምንት ወር ጨለማ ውስጥ ይተኛል። በቤቱ ደንብ ስሙ ይለጠፍበታል፤ ጋሼ "እኔ ልጻፍ" አሉ። በዚህ ቤት በእጃቸው የጻፉት የመጀመሪያው ስም ነው ብዬ ካሜራዬን ይዤ ቆምኩ። ሚሚ፣ ጨርቁን አንሺው። እዩት። ት ብለው ይጀምራሉ ብዬ ስጠብቅ የጻፉት ይህን ነው፤ "ከፍታችሁ አሽቱ። ኑርሁሴን።"

ጋሼ፣ ስለ አፍንጫዬ አመሰግንዎታለሁ። ከራውዳ ስመጣ ሰው የሚያዘኝን ብቻ ነበር የማውቀው፤ የራሴን ስሜት አምኜ "አይደለም" ማለትን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ በዚያ ማሰሮ ላይ በዘረጉት መዳፍ። ሁላችንም እናመሰግንዎታለን።

አሁን ብርጭቆ አንሱ። ቆይ ሞላ፣ አትጠጣ። ጠርሙሱ ላይ ምን ይላል? ሮማን። እስቲ አሽቱት።

አዎ፣ ቪምቶ ነው፣ የወይን ለስላሳ። ጠዋት ከሸሪፋ ጋር ሮማን የሚለው ጠርሙስ ውስጥ ገልብጠነው ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ስለ ማሽተት ሳወራ ብርጭቆው ፊታችሁ ነበር፤ አንድም ሰው አላሸተተም። ከአንድ ሰው በቀር። ጋሼ ገና ቀልዱን ሳልጀምር ለምን እንደሳቁ አሁን ገባችሁ?

ጋሽ ኑርሁሴን፣ መንገድዎ ይቅና፣ የሸዋ ሮቢት ሙቀት በልክ ይሁንልዎ፣ ረመዳንን በጤና ይቀበሉት ኢንሻአላህ። በፎቶ ብቻ የሚያውቋት የልጅ ልጅ አለችዎ። ፎቶ ደግሞ ጠርሙስ ላይ እንዳለ ጽሑፍ ነው። ይሂዱና አቅፈው ያሽቷት።

ለጋሼ። ጠጡ።